ስድስት ጎራሹን ፍታው

ሰኔ 14

ግድግዳው ወደቀ። ማንም አልተጎዳም። 

የጓዳው ግድግዳ ነው። ሳምንቱን ሙሉ ዝናብ ሲጠጣ የሰነበተው ጭቃ፣ ጠዋት እናቴ እሳት ልታያይዝ ስትገባ ዘጭ ብሎ ወረደ። ሮጬ ስደርስ እሷ ደህና ናት። ከፍርስራሹ መሃል ግን በቆዳ የተጠቀለለ ነገር ወድቋል። ገልጬ ሳየው ሽጉጥ ነው። ዝገት የበላው፣ ጥይት የሚጎርሰው ከበሮው ከአካሉ ጋር የተጣበቀ፣ የድሮ ስድስት ጎራሽ። በቄስ ቤት ግድግዳ ውስጥ!

ዞሬ ሳያት እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛለች። "የአያትህ ነው። አጎትህ ይታያል ይዞት የነበረው" አለች።

ሌላ ማብራሪያ አላስፈለገኝም። ልጅ ሳለሁ ታረቀኝ የሚባል ጎረቤታችን ከገበያ ሲመለስ በጥይት ተመትቶ ሞተ። የድንበር ጠብ ስለነበራቸው ገዳዩ የአባቴ ታናሽ ወንድም ይታያል ነው ተባለ። እሱ አልተኮስኩም ብሎ ማለ። አባቴ አላመነውም። ሽጉጡን ተቀበለውና ገዘተው፤ ከደጃችን እንዳይደርስ፣ ከማዕዳችን እንዳይቀምስ፣ እንዳይቆርብ። አጎቴ ከዚያ ወዲህ ጉንደ ወይን የሰው እህል መጋዘን እየጠበቀ ይኖራል። በየዓመቱ ሽማግሌ ይልካል፤ ሽማግሌዎቹም በየዓመቱ እንደሄዱ ይመለሳሉ። ግዝትን የሚፈታው የገዘተው ራሱ ነውና አባቴ ዝም ካለ የሚሆን ነገር የለም። የሽጉጡን መጨረሻ ግን ጠይቄ አላውቅም ነበር።

እንደያዝኩት ወደ አባቴ አልጋ ሄድኩ። አባቴ፣ ስንት የቅኔ ተማሪ ያወጣው የኔታ ወልደ ሩፋኤል፣ ከፋሲካ ጀምሮ ቀኝ ጎኑ አይታዘዝለትም፤ አንደበቱም ተይዟል። ሐኪሞች አንጎሉ ውስጥ ደም ፈሷል አሉን። ሽጉጡን ሲያይ ዓይኑ ፈጠጠ። ከዚያ ከንፈሩን እያጣመመ፣ ግን ጥርት አድርጎ "ፍታው!" አለ።

"ምን?" ብዬ ጮህኩ። ላስታምመው ከመጣሁ ገና ሁለተኛ ቀኔ ነው፤ ከታመመ ወዲህ ቃል ሲወጣው ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው።

"ብረቱን ነው" አለች እናቴ ከኋላዬ፣ ቶሎ ብላ። "ብረቱን ፍታው ነው የሚልህ። አንተ አይደለህ ባለሙያው?"

ሰኔ 16

ኔትወርክ ሲመጣ ከኮረብታው ላይ ወጥቼ ለባለቤቴ ለዘመናይ ደወልኩ። ደብረ ማርቆስ ያለው ጋራዤ ተዘግቷል፤ መንገዱም ዛሬ ይከፈታል፣ ነገ ይዘጋል። ስለ ሽጉጡ ነገርኳት። "አንተ ሰውዬ አብደሃል? በዚህ ዘመን ሽጉጥ? ገደል ክተተው!" አለችኝ። እውነቷን ነው። ወታደሮች ለፍተሻ ከመጡ የዛገ ነው፣ የአያት ነው ብሎ የሚሰማ የለም።

ግን አባቴ አዘዘኝ። ከቅኔ ቤት ጠፍቼ ጋራዥ ከገባሁ ወዲህ አንድ ነገር ሥራልኝ ብሎኝ አያውቅም። ከተማሪዎቹ ፊት "ይሄ ልጄ ሰሙን እንጂ ወርቁን አያይም" ይለኝ ነበር። አሁን ደግሞ የእኔን ሙያ ፈለገ። ፍታ፣ ግጠም። ይህን እኔ አውቃለሁ። ፈትቼ፣ ጠርጌ፣ አዲስ አስመስዬ አሳየዋለሁ።

ሰኔ 22

በጣሳ ናፍጣ ውስጥ ዘፍዝፌዋለሁ። ብሎኑ እምቢ። ካቻቢቴዬ ጫፉ ተበላ። ከላይኛው መንደር ፍተሻ ነበር አሉ። ከነጣሳው ከከብቶቹ ግርግም ሥር ቀበርኩት። ፈሪ!

ሐምሌ 1

ዛሬ ፍተሻ አልመጣም። ሽቦ ብሩሽ ስፈትግ ዋልኩ። ከዝገቱ ሥር ብረቱ ገና ጤነኛ ነው፤ የድሮ ሰው እቃ ሲሠራ አይቀልድም። እጀታው ላይ ያለችው እንጨት እንኳ ጥቂት ዘይት ሳስነካት ፊቷ በራ። ደስ አለኝ። ደስ ማለቴ ደግሞ አሳፈረኝ፤ ሰው የሞተበት እቃ ነው።

እናቴ እኔ ሥራ ስጀምር ከቤት ትወጣለች። ጠዋት ጠዋት ግን "ተፈታ?" ትለኛለች። "ገና" ስላት ፊቷ ይፈካል ልበል? ምናልባት እየመሰለኝ ነው። ሽማግሌ ማስታመም ሰው ያደክማል፤ እሷን መጠርጠሬ ነውር ነው።

አባቴ ያችኑ አንድ ቃል ደጋግሞ ይላል። ጠዋት ፍታው። ማታ ፍታው። ሲለኝ ግን አያየኝም፤ ጣሪያ ጣሪያውን ነው የሚያየው። ሐኪሞቹ ዓይኑንም ነክቶት ይሆናል ብለው ነበር። "አባ፣ እየሞከርኩ ነው፤ ይታገሱኝ" እለዋለሁ። እንባው ይወርዳል። ምን ያህል ቸኩሎ ነው?

ሐምሌ 9

ስድስቱም አሉ!

ከበሮው ዛሬ ለቀቀ። በጉልበቴ ይዤ፣ ጨርቅ ደርቤ፣ በእንጨት መዶሻ ቀስ እያደረግሁ ስመታው ከቆየሁ በኋላ ቀጭ ብሎ ወጣ። ወደ ብርሃን ሳዞረው ስድስቱም ጉድጓድ ሙሉ ነው። ለካ ጎርሶ ኖሯል! ከሰኔ ጀምሮ ስደበድበው የነበረው የጎረሰ ሽጉጥ ነው። ሞኝ፣ ደደብ፣ የዘመናይ ስድብ ሁሉ ልክ ነበር።

ከዚያ ነው ሁለተኛው ድንጋጤ የመጣው። ጥይቶቹ አረንጓዴ ዝገት ለብሰው ከብረቱ ጋር ተዋህደዋል። ቂጣቸውን ጠርጌ አየሁ፤ አንዱም አልተመታም። ባዶ ቀለህ የለም። አጎቴ ታረቀኝን በምን ገደለው?

ሐምሌ 10

ለእናቴ ነገርኳት። እህል እያበጠረች ነበር፤ ሰፌዱ ከእጇ ወደቀ። "በቃ፣ ጣለው። ከዚህ ወዲያ አትንካው" አለች።

"ፍታው ያልሽኝ አንቺ አይደለሽ?"

"እሺ ፈታኸው። አሁን ጣለው።"

ተቆጣሁ። ደግሞ ራሴን ወቀስኩ። ተኩሶ ሞልቶት ቢሆንስ? ይህን ማሰብ ነበረብኝ። ይታያል ንጹሕ ነው ብሎ ለመደምደም መቸኮል አይገባኝም። ውስጡን ሳላይ አልጥልም።

ሐምሌ 14

የሽጉጡን መዶሻ፣ ቃታ ሲሳብ የሚወድቀውን ብረት፣ ከነሞላው አወጣሁ። ጥይቱን የሚወጋው ጫፍ፣ መርፌው፣ የለም።

ተሰብሯል። ስብራቱን በመነጽር አየሁት፤ ከሌላው አካል እኩል ዝጓል፣ ያውም እስከ ውስጡ። ከግድግዳው ከመግባቱ በፊት የተሰበረ ነው። ደግሞ በሥራ ብዛት አልተሰበረም። ዙሪያው ተጨፍልቋል፤ በድንጋይ የተቀጠቀጠ ነው። ሙያ የሌለው ሰው፣ በንዴት ወይም በፍርሃት ይሁን፣ ደጋግሞ መትቶታል።

ይህ ሽጉጥ የተሞላ ቢሆን፣ የተሳበ ቢሆን፣ ዝንብ አይገድልም። ቃታውን ስትስበው ቀጭ ብሎ ዝም ነው። አጎቴ እውነቱን ነበር። ሠላሳ ዓመት ይሁን ከዚያ በላይ እውነቱን ነበር፤ ምስክሩ ደግሞ እኛ ጓዳ ግድግዳ ውስጥ ነበር። ቁርስም ምሳም አልበላሁም። ማን ሰበረው? አያቴ ይሆን?

ሐምሌ 15

ፍቅረ ሥላሴ የሚባል አንድ የቅኔ ተማሪ አለ፤ ጢሙ ሸበት ያለ ሰው፣ የአባቴ የመጨረሻ ደቀ መዝሙር። አባቴን አብሮኝ የሚያገላብጠው እሱ ነው። ዛሬ ስናጥበው አባቴ እንደ ልማዱ "ፍታው" አለ።

"አሁንስ ፈታሁት እኮ፣ አባ! ምን ቀረኝ?" አልኩ ተበሳጭቼ።

ፍቅረ ሥላሴ ቀና ብሎ አየኝ። "ምኑን ፈታኸው?"

"ብረቱን ነዋ።"

"የኔታ ይችን ቃል ከዳግም ትንሣኤ ጀምሮ ነው የሚሏት። አንተ ሳትመጣ። ግድግዳው ሳይወድቅ።"

ጨርቁ ከነውሃው ከእጄ አመለጠ።

በኋላ

ግድግዳው ሳይወድቅ። ሽጉጥ ሳይታይ። ታዲያ የመጀመሪያ ቃሉ መስሎኝ የጮህኩት ለምንድነው? እናቴ ቃሉን ሰምታው ታውቃለች ማለት ነው፤ አልነገረችኝም።

ወደ አባቴ ተመልሼ ተንበረከክሁ። "አባ፣ ይታያልን ነው?" አልኩት። ዓይኑን ከጣሪያው አውርዶ ለመጀመሪያ ጊዜ እኔን አየ። ጤነኛ እጁ አንገቴን ይዞ ወደ ደረቱ ሳበኝ። የልቡ አመታት ያስፈራ ነበር።

ለእኔ አልነበረም። ብረቱን አልነበረም። አባቴ "ፍታው" የሚለው ለእግዚአብሔር ነው፤ እንደ ልጅ፣ አንተ ብሎ፣ ወንድሜን ፍታው እያለ ነው። እኔ ደግሞ በየቀኑ ካቻቢቴ ይዤ "ይታገሱኝ" እለዋለሁ። ጋራዥ የዋለ ጆሮ!

ሐምሌ 18

እናቴን ሁለት ቀን ዘጋኋት። ዛሬ ራሷ መጣች። በግርግሙ አጠገብ ቆማ፣ ከብቶቹን እያየች እንጂ እኔን ሳታይ ተናገረች። እንደሰማሁት እጽፈዋለሁ።

"መርፌውን እኔ ነኝ የሰበርኩት፣ ልጄ። ይታያል እኛ ቤት አድሮ ከአልጋ ሥር ትቶት ሄደ። አንተ አግኝተኸው አፈሙዙን ወደ ዓይንህ ይዘህ ስትስቅ ደረስኩ። እንዴት እንደሚፈታ አላውቅ። የሚወጋው ይሄ ነው ብዬ ጫፉን በመጅ ቀጠቀጥሁት። ይታያል ሊወስደው ሲመለስ ይቆጣኛል ብዬ ሳልነግረው ሰጠሁት። ታረቀኝ የሞተ ከዚያ በኋላ ነው።"

"እያወቅሽ?"

"እያወቅሁ።"

"ታዲያ ማነው የገደለው?"

"ገዳሙ።"

ገዳሙ ወንድሟ ነው። በትከሻው ተሸክሞ ያሳደገኝ ጋሼ ገዳሙ! ከጥቂት ዓመት በፊት ሲሞት ካህናቱ ሙሉ ፍትሐት አድርገውለት፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ ቀበርነው። ቃሬዛውን ከተሸከሙት አንዱ እኔ ነበርሁ።

"በዚያው ምሽት ወደ እኔ መጣ" አለች። "ጓዳ ገብቶ 'ገደልሁት' አለኝ፤ ለምን እንደሆነ ግን እስኪሞት አልነገረኝም። እኔ ብናገር የታረቀኝ ወገኖች በማግስቱ ይገድሉት ነበር። ይታያልን ግን አባትህ ስለገዘተው ደሙን ለእግዜር ሰጡት። ይታያል ተገዘተ እንጂ አልሞተም አልኩ። ከዚያ ዓመት ዓመትን ወለደ፤ መናገሪያው ጠፋኝ።"

"አባባስ?"

"ዘንድሮ በጸሎተ ሐሙስ ነገርኩት። የሰው እግር ሲያጥብ ውሎ ደክሞት ገባ፤ የሱን እግር እኔ ሳጥበው ወጣኝ። አልተቆጣም። 'በሕማማት መፍታት የለም። ትንሣኤ ሲነጋ ራሴ ሄጄ እፈታዋለሁ' አለ። ቅዳሜ ወደቀ።"

በሕማማት መስቀል አይሳለሙም፣ ፍትሐትም የለም። ይህን ሕፃንም ያውቀዋል። አባቴ ሥርዓት አከበረ፤ አንደበቱ ግን ትንሣኤን አልጠበቀውም።

"ፍታው ሲል ምን ማለቱ እንደሆነ አውቀሽ ነው ብረቱን ነው ያልሽኝ?"

"አውቄ ነው። የገዳሙ ልጆች አሉ። የታረቀኝም ልጆች አሉ። ዘንድሮ ደግሞ ማን ያልታጠቀ አለ፣ አንተየ? ደሙ ባለቤት ለውጦ ይነሳል ብዬ ፈራሁ።"

ምን እንደመለስኩላት አላስታውስም። ክፉ ነገር ሳልናገራት አልቀረሁም።

ሐምሌ 26

አባቴ ከትናንት ጀምሮ ውሃ እንኳ በግድ ነው። የንስሐ አባታችንን አማከርኳቸው፤ ነገሩን በንስሐ ስለሰሙ ከሳቸው አይወጣም። "የገዘተ እያለ ሌላ አይፈታም። የኔታ እስትንፋሳቸው ሳትወጣ ሰውዬውን አምጣ" አሉኝ። ነገ እሄዳለሁ። አዲስ አስመስለዋለሁ ያልኩትን ሽጉጥ ከነጥይቶቹ ሽንት ቤት ጉድጓድ ከተትሁት። መዶሻውን ብቻ አስቀርቻለሁ፤ ኪስ ውስጥ ሲገባ ተራ ብረት ነው።

ሐምሌ 28፣ ጉንደ ወይን

አጎቴን አገኘሁት። አርጅቷል። ቁርጥ አባቴን ነው፤ ጥምጥም የሌለው አባቴ።

መዶሻውን መዳፉ ላይ አስቀመጥሁለት። የሽጉጡን ሁሉ፣ የስድስቱን ጥይት ሁሉ ነገርኩት። የተሰበረውን ጫፍ በአውራ ጣቱ ደጋግሞ ዳሰሰው።

"ክፈቱትና እዩት ብዬ ነበር" አለ። "ለአባትህ፣ እግሩ ላይ ወድቄ። 'ደም የነካ ብረት በክህነት እጄ አልነካም' አለኝ። አንዲት ብሎን ለመፍታት ይህን ሁሉ ዘመን ፈጀባችሁ?"

ማን እንደሰበረው ጠየቀኝ፤ ነገርኩት። ማን እንደገደለ ጠየቀኝ። መዋሸት ይቻለኝ ነበር፤ በእኛ ቤት ግን ውሸቱ በቃ። ገዳሙ ስለው አጎቴ ከተቀመጠበት ተነሳ፣ ተመልሶ ተቀመጠ።

"ገዳሙን እኮ ለቅሶ ደርሻለሁ። ከአጥር ውጭ ቆሜ አልቅሼለታለሁ" አለ።

የአባቴን የሕማማት ቃል ነገርኩት፤ የታረቀኝ ልጆች እንዳይሰሙም ለመንኩት። "ለማንም አልናገርም። የእኔ ዕዳ ለገዳሙ ልጆች አይተርፍም" አለ። እኔ አለቀስኩ፤ እሱ አላለቀሰም።

ነሐሴ 2

አጎቴ መጣ። ከአጥሩ ውጭ ቆሞ "ግዝቱ እስከዚህ ነው" አለ፤ አንድ እርምጃ አላለፈም። አባቴን ከነአልጋው ተሸክመን አወጣነው፤ እኔ፣ ፍቅረ ሥላሴና የንስሐ አባታችን። ወንድማማቾቹ ተያዩ። አባቴ እንደ ሕፃን አፉን ከፍቶ አለቀሰ። መስቀሉን በጤነኛ እጁ አስይዘን ደገፍንለት። ወደ ሰማይ አይቶ "ፍታው" አለ። የንስሐ አባታችን የቀረውን ጸሎት አደረሱለት። አጎቴ መስቀሉን ተሳልሞ ደጁን አለፈ።

እፎይ ልል ስል እናቴ ከጓሮ ብቅ አለች። ማጅራቷ ላይ ድንጋይ ተሸክማለች፤ ጎንበስ ብላለች። መጥታ አጎቴ ፊት ተንበረከከች። በአገራችን ሥርዓት የተበደለው ድንጋዩን ያወርዳል፤ ካወረደ ይቅር ብሏል። ሁላችንም የአጎቴን እጅ እናያለን። እጁ አይንቀሳቀስም።

ያኔ አባቴ ተናገረ። "ፍታት" አለ።

አዲስ ቃል ነው። ፍታው አይደለም። ወደ ሰማይም አላየም፤ የወንድሙን ዓይን ዓይን እያየ ነው ያለው። የንስሐ አባታችን አማተቡ። በሕይወቱ ሁሉ ሲያስርና ሲፈታ የኖረ ካህን ማሰሪያውን ለወንድሙ አስረከበ።

አጎቴ ወደ አባቴ ዞረ። "እርስዎ በሕማማት አይፈታም አሉ አሉ" አለው፣ ድምፁን ሳያነሳ። "እኔ ገና ሕማማት ላይ ነኝ።" እናቴን በጎኗ አልፎ ወደ ፍቅረ ሥላሴ ጎጆ ሄደ።

ድንጋዩን ላወርድላት ብሞክር "አንተን አልበደልሁህም፤ ተወው" አለችኝ።

ነሐሴ 16

አባቴ ከዚያ ወዲህ ቃል አልወጣውም፤ ግን በሕይወት አለ። አጎቴ ፍልሰታን እዚሁ ጾመ። ዛሬ ለቁርባን ነጭ ለብሶ ቤተ ክርስቲያን መጣ፤ ከሱ ኋላ ቆምኩ። ዘመናይም ከማርቆስ ደርሳ ከሴቶቹ በኩል ነበረች።

እናቴ ቅጥር ግቢው ውስጥ አትገባም። ዛሬም ከውጭ በር ሥር፣ ዝናብ ላይ፣ ድንጋዩን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች። አላፊው ሁሉ ያያታል። ምን ሆነች ብሎ የሚጠይቅ ሲኖር "ኃጢአት አለብኝ" ብቻ ነው መልሷ።

ሰልፉ ሲንቀሳቀስ ካህኑ "በልቡ ቂም የያዘ አይቅረብ" አሉ። በየቅዳሴው የሚባል ነው፤ ሰው ሰምቶ ያልፈዋል። የአጎቴ ትከሻ ግን ሲወርድ አየሁ። ወደ ፊት እንዳይሄድ ማንም አልከለከለውም። እንዲህ ያለ ቀን ስንት ዘመን ለምኖ ነበር! ዞር ብሎ አየኝ፣ ከሰልፉ ወጣ። ተከተልኩት።

በሩን አልፎ እናቴ ዘንድ ደረሰ። እሷ ቀና አላለችም።

"ዘንድሮም ውጭ ቀረሁ" አላት።

"ዘንድሮስ አብረን ነን" አለችው።

አጠገቧ፣ እርጥቡ ካብ ላይ ተቀመጠ። እጁን ሰደደና ድንጋዩን ከጭኗ አንስቶ የራሱ ጭን ላይ አስቀመጠው። ይቅር ብዬሻለሁ አላላትም። ቅዳሴው እስኪያልቅ ሁለቱም እዚያው ተቀምጠው አስቀደሱ።